ደንቡ የማይመለከታት አውሮፕላን

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? ትንሿ እስካሁን ትምህርት ቤት ሳትገባ አትቀርም። እኔ ደህና ነኝ። የአባባን ስፌት ቤት ጠዋት እከፍታለሁ፣ ሲመሽ እዘጋለሁ። መስፋት እንደማልችል ታውቃለህ፤ የሰው ስፌት መኪና እጠግናለሁ። በሩን ስዘጋ ደህና እደሩ የምለው ለመኪኖቹ ነው። እንዳትስቅብኝ።

ዘጠኝ ዓመት ዝም ብሎ ዛሬ ምን ነካው ትል ይሆናል። ነገሩ የመጣው ክንድ በምታህለው ሞዴል አውሮፕላኔ ነው። አዎ፣ አሁንም አበርራለሁ። እጀታውን ጨብጬ፣ በአሥራ ስምንት ሜትር ሽቦ አስሬያት፣ መሀል ሜዳ ቆሜ አብሬያት እዞራለሁ። ሞተሩ ሲነሳ ጅራቷን የሚይዝልኝ ሰው ስለሌለ መሬት ላይ እንጨት ተክዬ በሱ አስይዛታለሁ፤ ገመድ ስስብ ይለቃታል። እንጨቱ ጎበዝ ነው፣ አንድ ቀን ቸኩሎ አያውቅም። ይቅርታ፣ ይህን ሳላስበው ነው የጻፍኩት። ስታርፍ ግን የሚያጨበጭብልኝ የለም።

ባለፈው ሳምንት የሜዳው ጥበቃ መጥቶ በአዲሱ ደንብ ድሮን ያለ ፈቃድ ማብረር እንደሚያስቀጣ ነገረኝ። ድሮን አይደለችም፣ በሽቦ የታሰረች ናት ስለው፣ ከመሬት ከተነሳች ያው ነች አለኝ። ምን ላድርግ፣ በብብቴ ሸጉጫት ፈቃድ ወደሚሰጠው ቢሮ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ጸሐፊ ካሜራው የት ነው ብላ ጠየቀችኝ። የላትም አልኳት። ታዲያ ምን ያዩባታል አለች። እሷኑ ነው የማያት ስላት ሳቀች። ሰው በኔ ንግግር ከሳቀ ስንት ጊዜው!

ቅጹ አራት ገጽ ነው። ግንኙነቱ ቢቋረጥ መሣሪያው ምን ያደርጋል ይላል። ሽቦው ካልተበጠሰ ወይ እጀታው ካላመለጠ አይቋረጥም፤ ካመለጠ ግን የምትደርስበት አይታወቅም ብዬ ሞላሁ። መጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከዚህ በፊት የደረሰ አደጋ ካለ ማን እንደተጎዳና መንስኤው ምን እንደነበር ይግለጹ ይላል። እዚያ ላይ እስክሪብቶውን ይዤ ቀረሁ። ከኋላዬ የተሰለፉት ማጉረምረም ጀመሩ።

ከዚያ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ አባታችን ቀኝ እጁን በአውሮፕላኗ ተመትቶ ተሰበረ። ጅራቷን የያዘልኝ ታላቅ ወንድሜ የለቀቃት ምልክት ከሰጠሁት በኋላ ነው። እጀታው ያመለጠኝ የእጀታውን ማሰሪያ ከእጄ አንጓ ጋር ስላላሰርኩት ነው።

ወንድም ጋሼ፣ እውነቱ ይኸው ነው። በመጀመሪያ ደሞዝህ የገዛህልኝን ሰዓት አድርጌ ነበር። ማሰሪያው መስታወቱን እንዳይጭርብኝ ብዬ ተውኩት። አባባ እጁን ታቅፎ ሲያቃስት፣ ሳልጨብጥ ለቀቃት ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። አንተ ራስህን ተጠራጥረህ መሰለኝ፣ ዝም አልክ። የልብስ ሰፊ እጅ አሳጣኸው ሲሉህም ዝም አልክ። ሻንጣህን ይዘህ ስትወጣ አልተኛሁም ነበር፤ በሩ ሲዘጋ ሰምቻለሁ። በአባባ ቀብር ማዶ ብቻህን ቆመህ ሳይህም እግሬ አልሄድልኝ አለ። አፈርኩ።

ጸሐፊዋ ቅጹን ይዛ አለቃዋ ጋ ገባች። ስትመለስ፣ በሽቦ የታሰረና በእጅ የሚያዝ ከሆነ ደንቡ አይመለከትዎትም፣ ቀድደው ይጣሉት አለችኝ። የመጨረሻውን ገጽ አንብባው እንደሆነ አላውቅም፤ ቅጹን ስትመልስልኝ ግን በሁለት እጇ ነው የሰጠችኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አልቀደድኩትም። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ፤ ለፈለግኸው ሰው አሳየው።

አንድ ነገር ልንገርህና ላብቃ። አንተ ከሄድክ ከጥቂት ወራት በኋላ አባባ አንዲት የእጅ አንጓ ማሰሪያ ሰፋ። በግራ እጁ የሰፋት የመጀመሪያ ነገር ናት፤ ስፌቷ ጠማማ ነው። አልጋዬ ላይ አስቀምጦልኝ ወጣ። እስኪሞት ድረስም ስለዚያ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም።

አሁን የማስራት እሷን ነው። በአንድ እጅ ስለማይመች በጥርሴ እየሳብኩ አጠብቃታለሁ። እሷን አልላክሁልህም። ከመጣህ አንተ እሰርልኝ፤ እንጨቱን እነቅለዋለሁ።

ፈጣሪ ቤትህን ይጠብቅልህ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ። ትንሿን ሳምልኝ።

ምልክት የሰጠህ፣
ታናሽ ወንድምህ