ያልጠራሁት ስም

ሐሙስ፣ ጥር 23

ትናንት ጎረቤቴን አልማዝን ልጠይቅ ሄድኩ። የልቧን ቫልቭ በጎኗ በኩል፣ በትንሽ ቀዳዳ ቀይረውላት በሳምንቷ ቤቷ ገብታለች። "ጠባሳዋ እኮ ከጣቴ አይረዝምም፣ ጋሼ!" አለኝ ባሏ ታደሰ። የእኔ ጽጌ፣ ባለቤቴ፣ ለዚሁ ቫልቭ ደረቷ ሙሉ ተከፍቶ ነበር፤ ከሆስፒታልም አልተመለሰችም። ቅናት አንገበገበኝ።

ቤት ከገባች ወዲህ ግን ልቧ ምቱን እየሳተ መሆኑን ሲነግረኝ፣ ይቅር ይበለኝ፣ ቀለል አለኝ። አልማዝ እጄን ይዛ "ነገ ጊዮርጊስን ሲሳለሙ በክርስትና ስሜ ይጥሩኝ፤ ወለተ ሥላሴ ነኝ" አለችኝ። እሺ አልኳት።

ዛሬ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሜ የጽጌን ነፍስ አሰብኩ። የአልማዝን ስም ልጠራ ስል ግን አፌ እምቢ አለኝ። ሳልጠራው ወጣሁ።

ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጋ ስደርስ ታደሰ ደወለ። "ልቧ ተስተካከለ! ሐኪሙ አሁን አይቷት ወጣ። የእርስዎ ጸሎት ነው፣ ጋሼ!"

"አሜን" አልኩት።

ጽጌ ታማ ሳለች ስሟን ስንት ወር ሙሉ እዚያው ደጅ ላይ ጠርቻለሁ። ያልጠራሁት ተሰማ። አሁን የምቀናው በታደሰ ነው፣ በአልማዝ ነው፣ ወይስ ቅያሜዬ በሰሚው ላይ... አልጽፈውም። ነገ ተመልሼ እሄዳለሁ። የአልማዝን ስም እጠራለሁ፣ አፌ እሺ ካለኝ።