ቀነዓ ከፊቴ ላይ ያላየው

ነቀምቴ፣ ኅዳር ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ይድረስ አኖ ለምትገኚው ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ከርመሻል እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ይዞሻል? የዘንድሮው ብርድ እንዳይጠናብሽ እያሰብኩ ነው የምሰነብተው። እኔ አምላክ ይመስገን አለሁ፤ ናፍቆትሽ ግን አልቀለለኝም። ይህን ደብዳቤ ወንድሜ ተረፈ ብቻ ያንብብልሽ፤ ለጎረቤት ጆሮ አይደለም።

ተረፈ ሊወስደኝ መጥቶ ብቻውን ሲመለስ እንደተቀየምሽኝ አውቃለሁ። «የልጁን የሬሳ ሳጥን እንባ ሳያወጣ ከሠራ ሰው ጋር ምን ትሠሪያለሽ፣ ዕቃሽን ይዘሽ ነይ» ነበር መልእክትሽ። እውነትሽን ነው፤ እኔም ያንኑ እል ነበር። ሕፃናችን የተቀበረ ዕለት ባሌ ቀነዓ ለቀስተኛው መሀል በደረቅ ዓይን ሲቀመጥ፣ ሴቶቹ በኦሮምኛ «ገራ ጀባ»፣ ልበ ድንጋይ ሲሉት ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ባሰ። ሊያጽናኑኝ የሚመጡትን ፈገግ እያልኩ አስተናግዳለሁ፤ እንግዳ ፊት ይነሳል እንዴ? እሱ ይህን አይቶ ለአናጢ ጓደኞቹ «ሚስቴ ተጽናንታለች፤ መሳቅ ጀምራለች» ሲል ሰማሁት። ልቤ የተቆረጠው ያን ጊዜ ነው። ተረፈ ሲደርስ ልብሴን ቋጥሬ ጨርሼ ነበር።

ቀነዓ ከሥራ ገብቶ ጓዜን ሲያይ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ። እናቴ ቤት አልኩት። ለምን አለ። ተረፈ ደሙ ፈልቶ «ፊቷን አታይም? ከስታ፣ አመድ መስላ!» ብሎ ጮኸበት።

ቀነዓም ቀስ ብሎ እንዲህ አለ፤ «አያለሁ እንጂ። ሰው ከፊት ላይ የሚያነበው ነገር ግን ለእኔ አይታየኝም። ልጅ ሳለሁ አባቴ ሲቆጣ የሚጫወት እየመሰለኝ እስቅ ነበር፤ በዚህ ስንት ጊዜ ተገርፌያለሁ። የሰው ዓይን ማየትም ይከብደኛል። ስለዚህ አፍ አፍ እያየሁ ለራሴ ሕግ አወጣሁ፤ ጥርስ ከታየ ደስ ብሎታል፣ ከንፈር ከገጠመ ተቆጥቷል። እሷ ስትስቅ አየሁ፤ ደስ አላት አልኩ።»

ጥርስ ባዳ ነው ሲባል አልሰማህም ወይ አልኩት። ሰምቷል፤ ጥርስ ስለሚነቀል የተባለ መስሎት ኖሯል። ተረፈ ሳያስበው ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም።

ታዲያ ለልጅህ አላዘንክም ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ በግልጽ ጠይቄው አላውቅም ነበር እማዬ። ሳጥኑ ላይ አንድም ሚስማር አልመታሁም አለኝ። መዶሻውን አንስቶ፣ ድምፁ ልጁን የሚቀሰቅሰው መሰለውና መልሶ አስቀመጠው። ሳንቃውን እየፈለፈለ፣ አንዱን በአንዱ ውስጥ እያስገባ ነው የገጠመው። «ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም፤ እጄ ግን አልታዘዝ ብሎኝ ነበር» አለ።

ተረፈ ባርኔጣውን አንስቶ ወደ ውጭ ወጣ። እኔም ጓዜን ፈታሁ።

አልዋሽሽም፣ ሁሉ ነገር ተቃንቷል አልልም። ዛሬም ስኮሳተር ዝም ብሎ ያልፈኛል፤ እኔም እበግናለሁ። ከዚያ ትዝ ይለኝና «ዛሬ ከፍቶኛል» እለዋለሁ። ያኔ መጋዙን ጥሎ ይመጣና አጠገቤ ይቀመጣል። አይናገርም፤ አይነሳምም። እኛ ቤት እኮ እማዬ፣ እንዲህ ያለ ቃል ከአፍ አይወጣም ነበር። አባዬ ፊትሽን አይቶ ሁሉን ያውቅ ነበር፤ አወቀ እንጂ መች አጠገብሽ ተቀመጠ?

ለገና ባልመጣ አትቀየሚኝ። የሐኪም ቤቷ አዋላጅ በዚያ መንገድ በአውቶቡስ እንዳልንገላታ ከልክላኛለች። ምክንያቱን በወረቀት አላሰፍረውም፤ አንቺ እናት ነሽ፣ አይጠፋሽም። ቀነዓ ግን ከፊቴ እስኪያውቅ አልጠበቅሁም፤ በአፌ ነገርኩት። ደስ ብሎሻል ወይስ ፈርተሻል ብሎ ጠየቀኝ። ሁለቱም አልኩት። «ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ፊት ምን ይመስላል?» አለና፣ የሰው ዓይን ማየት የሚከብደው ሰው፣ ቀና ብሎ ዓይኔን አየኝ። እኔም ፊቴን ሳላዞር፣ እስኪበቃው ድረስ እንዲያየኝ ተውኩት።

ቀነዓ አማቴን ሰላም በዪልኝ ብሏል። እመብርሃን ከክፉ ትሰውርሽ፤ ዕድሜሽን ታርዝምልን። ጸሎትሽ አይለየኝ፣ ይልቁንም በዚህ ዓመት።

የምትናፍቅሽ ልጅሽ