ሁለት ዓመት ሲሞላ

ጥቅምት 4
በስደት ከምንኖርበት ከተማ፣ ካላክላ ሰፈር ከገባን ዛሬ ሁለት ዓመት ሞላ። ውሃ መጣ፤ በርሜሉን ሞላን። ጎረቤታችን ሙስዐብ ልጁን ሊድር ነውና ግቢው ሁሉ ሐፍላ፣ የሠርግ ጭፈራ፣ ከበሮ፣ የድምፅ ማጉያ… ጸሎቴን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አቋረጥሁ። ጸጥታ የማያውቅ ሰፈር ልጅ አያሳድግም። ቤት መቀየር ይገባናል።

ጥቅምት 6
ለባለቤቴ ለሙላቷ ነገርኋት። ሽንኩርት እየከተፈች ሳቀች።
«ማዮ ሰፈር ሳለን ጥፋቱ ምን ነበር?»
«አቧራው።»
«ከዚያ በፊትስ?»
«አከራዩ በልጅ ፊት ሲጋራ ያጨስ ነበር!»
«ከዚያስ በፊት?»
ረስቼዋለሁ።
«እኔ አልረሳሁም። ሁለት ዓመት ሞልቶን ነበር። የኔታ፣ የእርስዎ ኅሊና እኮ በየሁለት ዓመቱ ነው የሚነቃው።»
በቤተ ክርስቲያን ፊደል ስለማስቆጥር፣ ስትቀልድብኝ «የኔታ» ነኝ። ቀልዷን ናቅሁት። ግን ቈጠርሁ። ስምንት ዓመት፣ አራት ቤት።

ጥቅምት 7
አባቴ ሃምሳ አለቃ ነበር። ጎባ፣ ጅጅጋ፣ ነጌሌ፣ ከረን… ሁለት ዓመት ሲሞላ የዝውውር ትእዛዝ ይመጣል። እናቴ ቀድማ ትጠረጥርና የተዋሰችውን ሰፌድ ትመልሳለች። ዳዊት የጀመርሁት ጎባ፣ የጨረስሁት ከረን፤ እስኪያልቅ አራት መምህር፣ አራት ዓይነት አርጩሜ።
አባባ «የወታደር ቤቱ ጓዙ ነው» ይል ነበር፤ በኩራት። ኩራቱን ወርሻለሁ። ይህ ከሙላቷ ሳቅ ጋር ምን አገናኘው?

ጥቅምት 11
ጸጥ ያለ ቤት አገኘሁ። ቅዳሜ እንጭናለን አልሁ። የዐሥራ ሦስት ዓመቷ ልጄ ራሔል ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ከሩብ ሰዓት በኋላ ልብሷና ደብተሯ በማዳበሪያ ታስሮ ደጃፍ ቆሟል። ደስ አለኝ። የአያቷ ልጅ!
«ጓደኞችሽን ተሰናበትሽ?»
«የለኝም አባዬ።»
«በክፍል አጠገብሽ የምትቀመጠውስ?»
«ናስራ? ቤቷ ስትጠራኝ እምቢ እላታለሁ። መሄዳችን ላይቀር… ምን ያደርጋል?»
ብታለቅስ እገሥጻት ነበር። አላለቀሰችም።

ጥቅምት 12
ጅጅጋ ሳለን ከልጆች ጋር ኳስ መጫወት ተውሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ለእናቴ «ዳዊት ላጥና» አልኋት። ሰፈሩ ሁሉ «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ!» አለ።
ጨዋነት አልነበረም። የጎባ ጓደኞቼን አጥቼ ነበር፤ ትእዛዝ ሲመጣ የጅጅጋዎቹንም እንዳላጣ ብዬ ነው።
ልጄን ማን አዘዋወራት? ምን ትእዛዝ መጣ?

ጥቅምት 13
ለአዲሱ አከራይ «ይቅር» አልሁት። ሙላቷ ማዳበሪያውን እየፈታች፦
«የኔታ፣ ከበሮውስ?»
«ሠርግ ነው፤ ያልፋል።»
«ይህን ከየትኛው መጽሐፍ አገኙት? ያላ፣ በሉ ይልበሱ፤ ሙስዐብ ጠርቶናል።»
ሄድሁ። ጥግ ይዤ ተቀመጥሁ። አላጨበጨብሁም… ብዙም።

ታኅሣሥ 2
ራሔል ናስራ ቤት ለመሄድ ፈቃድ ጠየቀች። እስከ ዐሥር ሰዓት ፈቀድሁ። ዐሥራ አንድ ተኩል መጣች። «ሰዓቱን ረሳነው» አለች። እንደሚገባ ተቆጣሁ። ሙላቷ ግን ቁጣዬ ሳቅ ሳቅ ይለዋል ትላለች። ሐሰት ነው።

ጥር 13
ዓርብ። በራፍ ላይ ቆሜ ሳለ አንድ እንግዳ ሰው ቀረበኝ። «ያ ዐም፣ አጎቴ፣ የነጂብ ዳቦ ቤት በየት በኩል ነው?»
«መስጊዱን እለፍና ወደ ግራ ታጠፍ፤ ከሰማያዊው በር ቀጥሎ ነው። ነገር ግን ዓርብ ከሶላት በፊት አይከፍትም፤ አትድከም።»
አንድም ነገር አልሳትሁም። ከጎባ ጀምሮ በየደረስሁበት መንገድ ጠያቂው እኔ ነበርሁ…
ሰውዬው አመስግኖ ሄደ። እኔ አልገባሁም። ሌላ የሚጠይቅ ቢመጣ ብዬ ጥቂት ቆምሁ።