ማስተማርን እንጂ መድኃኒት ያልተማሩት የመምህር ያንኮ ሊኮምዋ የሕይወት ታሪክ

መምህር ያንኮ ሊኮምዋ ከአባታቸው ከዓሣ አጥማጁ ከአቶ ሌክሰን ሊኮምዋና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቲያሚኬ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 1999 ዓ.ም. በማላዊ፣ በቺልዋ ሐይቅ ዳር፣ በናሚላምቤ መንደር ተወለዱ። ያንኮ ማለት መልስ ማለት ነው። እናታቸው ከእርሳቸው በፊት ሁለት ልጆች ቀብራ ስለነበር፣ እግዚአብሔር መለሰልኝ ስትል ያወጣችላቸው ስም ነው። ይህን የጻፍኩት የእናታቸው እናት ፋሌሲ ነኝ። ድምፄ በለቅሶ እንዳይከዳኝ የሚያነቡልኝ ደግሞ እርሳቸው ካስተማሩበት ከናሉንጉ ትምህርት ቤት የመጡት ርእሰ መምህር ናቸው።

በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን እንኳ አንቱ ብያቸው አላውቅም። አያትና የልጅ ልጅ በወጋችን ባልና ሚስት እየተባባሉ ስለሚቀላለዱ፣ እኔ «ባሌ» እላቸው ነበር፤ እርሳቸውም «ሚስቴ» ይሉኝ ነበር። ዛሬ ግን አንቱ እላቸዋለሁ። መምህር አንቱ ይባላል።

በ2003፣ የአራት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ ሩዝ በሚወቃበት ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ ደረታቸውን ታመሙ። ይህን ዓመት ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ። ትንፋሻቸው እንደ ተቀደደ ወናፍ ያፏጭ ነበር። ጤና ጣቢያው አስም ነው አለን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓሣ ከሚታጠንበት ቦታ ከለከልኳቸው፤ ሐይቅ ላይ መውጣት ከለከልኳቸው፤ ከእኩዮቻቸው ጋር አቧራ ላይ ኳስ መጫወትም ከለከልኳቸው። ነፋስ በመጣ ቁጥር በር እዘጋባቸው ነበር። አባታቸው በ2008 በሐይቁ ማዕበል፣ እናታቸው በ2010 በሕመም ሲያርፉ፣ እርሳቸውና ያኔ የሦስት ዓመት ሕፃን የነበረችው እህታቸው ሱንጋኒ እኔ ጋ ቀሩ። በሩም ከበፊቱ ይልቅ ተዘጋ።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን ከ2005 እስከ 2013 በመንደራችን፣ ሁለተኛውን ደግሞ በየቀኑ ሰባት ሰባት ኪሎ ሜትር በእግራቸው እየተመላለሱ አጠናቀቁ። ከትምህርት ሁሉ ኬሚስትሪን ይወዱ ነበር። ምኞታቸው ኬሚስትሪን ብቻ ተምረው ብላንታየር ከተማ ፋብሪካ መግባት ነበር። እኔ ግን ፋብሪካ ጢስ ነው፣ ክፍል ውስጥ ያለው የጠመኔ ብናኝ ብቻ ነው ብዬ አስተማሪነትን ካልመረጥክ አልኳቸው። ሦስት ቀን አላናገሩኝም። በአራተኛው ቀን «እሺ ሚስቴ፤ ሁለቱንም አገባለሁ፤ አንቺ ላይ ቅናት እንዳይነሣ እንጂ» ብለው ቀለዱብኝ። በሴፕቴምበር 2018፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ኬሚስትሪን ከመምህርነት ጋር ሊማሩ ዞምባ ወደሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ገቡ።

እንግዲህ ስሕተቱ የተወለደው በዚያው ቀን ነው። ሚኒባሱ ሞተሩን አስነሥቶ ረዳቱ ይጮሃል። እኔ በመስኮት በኩል፣ ሴቶቹ ቢጠይቁኝ ምን ልበል፣ ኬሚስትሪ ምንድን ነው ብዬ ያዝኳቸው።

«የነገሮች ውስጥ፣ ኬሚካል...»

«ኬሚካል ደግሞ ምንድን ነው?»

«ኧረ ሚስቴ፣ መኪናው ሄደ! መድኃኒት በያቸው!»

እኛ ሐኪም የሚሰጠውን ክኒን መድኃኒት እንላለን፤ ጥጥ ላይ የሚረጨውን መድኃኒት እንላለን፤ ዓሣ አጥማጅ መረቡ ላይ የሚያስረውንም፣ ሰው ሰውን የሚያጠፋበትንም መድኃኒት እንላለን። እኔም ቦኖ ውሃው ጋ ደርሼ «ባሌ መድኃኒት ሊማር ሄደ» አልኩ። ሴቶቹ እልል አሉ። የአስተማሪነቱን ነገር ከእልልታው ጋር አብሬ ዋጥኩት። በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የፊተኛው ምንጣፍ ለእኔ ተለቀቀ።

መምህር ያንኮ ግማሹን ቀን ቤተ ሙከራ፣ ግማሹን ቀን ልጅ እንዴት እንደሚማር ሲማሩ ቆይተው፣ በ2019 ለዕረፍት ሲመጡ ቤተ ሙከራ የሚለብሱትን ነጭ ካፖርት ይዘው መጡ። አጥቤ ገመድ ላይ ሁለት ቀን አሰጣሁት። ለመድረቅ ግማሽ ቀን ይበቃው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሰው ደጃችን ተሰለፈ። እግር የሚያማቸው መጡ፤ ባሏ የጠፋባት መጣች። ጎረቤታችን አባ ጂሚሶንማ መረባቸውን ተሸክመው መጥተው፣ «ዶክተር፣ እስቲ እየው፤ ከሚስቴ ይልቅ እሱ ነው የደረቀው» አሉ። አባ ጂሚሶን፣ እዚሁ ተቀምጠዋል፤ ስቀን እንደነበር ያስታውሳሉ።

«አባባ፣ የእኔ ትምህርት መረብ አያድንም። አስተማሪ ነው የምሆነው።»

«ገባኝ፣ ገባኝ። የከተማው መድኃኒት ለከተማ ሰው ነው።»

ያን ቀን ማታ መምህር ያንኮ ሳይቀልዱ አናገሩኝ። «አያቴ፣ ነገ የመንደራችን ሹም ዘንድ ሄደሽ ንገሪልኝ። ቃሉ ካንቺ አፍ ነው የወጣው፤ እኔ ብናገር የደበቅኩ ይመስላቸዋል።» እሺ አልኩ። አልሄድኩም። ለአስተማሪ ነው እንዴ ያን ሁሉ እልል ያልነው ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። የፊተኛውን ምንጣፍም ፈለግኩት። ሁልጊዜ በሚቀጥለው ሳምንት እሄዳለሁ እል ነበር።

በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ፣ መምህር ያንኮ ለሰባት ወር እቤት ቀሩ። ውጭ ሲወጡ ሰው ይከባቸዋል፤ እቤት ሲሆኑ በመስኮት ይታያሉ። ትንፋሻቸው ሲያጥር ወደ አፋቸው ወስደው የሚስቡትን፣ ሐኪም ያዘዘላቸውን ሰማያዊ የአስም መንፊያ ሰዎቹ ያዩት ያኔ ነው። እርሳቸውም ሰው እንዳያያቸው፣ ብርሃኑ ከሚገባባቸው ሁለት መስኮቶች አንዱን በካርቶን ዘግተው፣ በሌላው ሥር ተቀምጠው ያነብቡ ነበር። «ሚስቴ፣ ኬሚስትሪ ውስጥ ክዳኑ የተዘጋ ዕቃ ሲሞቅ ይፈነዳል» ይሉኝ ነበር። እኔ ሻይ አቀርብላቸው ነበር። ሻይ ምን ያደርጋል።

በጃንዋሪ 2021 የጎረቤታችንን የሜሊያን ልጅ ትኩሳት ያዛት። ሜሊያ፣ ልጅሽን ቀብረሻልና ክፉ አልናገርሽም፤ የሆነውን ብቻ ነው የምለው። ልጅቷን ይዘሽ መጣሽ። መምህር ያንኮ «እኔ ጋ ምንም የለም፣ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ» ብለው፣ በዚያ ደረታቸው፣ ልጅቷን ብስክሌት ላይ አድርገው በጭቃው እየገፉ አደረሱ። በሁለተኛው ቀን አረፈች። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ «መድኃኒቱን ነፈጋት» ተባለ። ቀጥሎ ግን ትንፋሿን ወስዶ በዚያች ሰማያዊ ነገር ይጠጣዋል ተባለ። ትምህርት ቤት ከሱንጋኒ ጋር የሚቀመጡ ልጆች ወንበር ለወጡ። ያኔ እንኳ ሹሙ ዘንድ አልሄድኩም። አሁን ብናገር ሸፈነችለት ይሉኛል አልኩ። ቃሉ እኔንም ውስጡ ዘግቶብኝ ነበር። መምህር ያንኮ ዕረፍት በመጣ ቁጥር ዞምባ መቅረት ጀመሩ። ሲመጡም መንፊያዋን በሰው ፊት አያወጡም።

ከሜይ እስከ ጁላይ 2022 ለማስተማር ልምምድ ናሉንጉ ተመደቡ። ቤተ ሙከራ የለም፤ አንድ የተሰነጠቀ ብርጭቆ ብቻ ነበር። መምህር ያንኮ ምን አደረጉ? ባሚያ የምንቀቅልበትን የአመድ ውሃ አንድ ጠርሙስ፣ የሎሚ ውሃ አንድ ጠርሙስ፣ ቀይ አበባ የተቀቀለበት ውሃ አንድ ጠርሙስ ይዘው ክፍል ገቡ። አበባው አመድ ሲነካው አረንጓዴ ሆነ፤ ሎሚ ሲነካው ቀላ። ደወሉልኝ። «ሚስቴ፣ ዛሬ ስድሳ ልጅ ባንድ አፍ ውይ! አለ። አንዷ ተነሥታ፣ ቲቸር ይሄማ የእናቴ ድስት ነው አለችኝ። እኔም የአያቴም ነው፤ አያቴ ሳታውቀው ስድሳ ዓመት ኬሚስት ናት አልኳት።» እዚያ ማንም ዶክተር አላላቸውም። እዚያ መንፊያቸውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ያስተምሩ እንደነበር ተማሪዎቻቸው ትናንት ነገሩኝ። በሕይወታቸው በር ያልተዘጋባቸው እነዚያ ሦስት ወራት ናቸው።

በኦክቶበር 2022፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለታናናሾቻቸው ያንኑ ትምህርት ሊያሳዩ ስለነበር፣ የእኔን የአመድ ውሃ ሊወስዱ መጡ። ከእኔ ድስት ካልሆነ አይሠራም ብለው ቀለዱ። በወሩ 18ኛ ቀን ወደ ዞምባ ሊመለሱ ከሱንጋኒ ጋር፣ ደረቅ ዓሣና አሥራ አንድ ሰው በጫነች ፒክአፕ ተሳፈሩ። ጊዜው ማሳ የሚቃጠልበት፣ አቧራው የሚነሣበት ነው። ጃኬታቸውን አስለብሻቸው፣ አፋቸውን በሻርፕ አስሬላቸው ነበር። መንገድ ላይ ትንፋሻቸው አጠረ። መንፊያዋ ኪሳቸው ውስጥ ነበረች። እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ፣ መንፊያዋ እጃቸው ውስጥ ሆና፣ አላወጧትም።

«ያንኮ፣ አውጣው! ለምን አታወጣውም?» አለች ሱንጋኒ።

«ሰው አለ» አሏት።

ሱንጋኒ በግድ ነጥቃ አፋቸው ላይ ስታደርገው ዘግይቶ ነበር። ሐኪም ቤት ሦስት ቀን ታግለው፣ ኦክቶበር 21 ቀን 2022 ዓ.ም. በተወለዱ በሃያ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የቀራቸው የመጨረሻው ፈተና ብቻ ነበር።

አሁን መድኃኒቱ ባለቤቱ ላይ ዞረበት የሚል ወሬ ሰምቻለሁ። የነገርኳችሁን ዓመት አስታውሱ። ደረታቸውን የታመሙት በ2003 ነው። ዩኒቨርሲቲ የገቡት በ2018 ነው። አሥራ አምስት ዓመት ቀድሞ የመጣ በሽታ ካልተማሩት ትምህርት አይመጣም። መድኃኒት የሚለው ቃል የእኔ ነው። ለሹሙ ልነግር የሚገባኝን ይኸው በሹሙ ፊት፣ በመጋቢው ፊት፣ በሬሳቸው ፊት ተናገርኩ፤ ሦስት ዓመት ዘግይቼ። ጥፋት ያለባት ፋሌሲ ናት። በሱንጋኒ ላይ ማንም ቃል እንዳያነሣ። ከእርሷ ወንበር የለወጠ ልጅ ቢኖር፣ ነገ ወንበሩ ይመለስ።

መምህር ያንኮ የአንዲት እህት ወንድም፣ የአንዲት አያት ባል፣ ዛሬ በጭነት መኪና ሠላሳ ኪሎ ሜትር ተጉዘው የመጡት የስድሳ ተማሪዎች መምህር ነበሩ። ወረቀቱ ገና ነው ብላችሁ መምህር ማለትን የምትከለክሉ፣ እነርሱን ጠይቁ።

ቦርሳቸው ከሬሳቸው ጋር ሲመጣ ሦስት ጠርሙስ ተገኝቶበታል። መድኃኒት ነው ተብሎ ከዚያ ወዲህ እቤቴ የገባ ሰው የለም፤ ለቅሶውም ከዛፉ ሥር ሆነ። ጠርሙሶቹ ላይ በእጃቸው ተጽፏል፤ አንደኛው ሎሚ፣ ሁለተኛው ቀይ አበባ፣ ሦስተኛው «የሚስቴ አመድ ውሃ» ይላል። ዛሬ ጠዋት ሦስተኛውን ከፍቼ የለቅሶውን ባሚያ ቀቀልኩበት። ንሲማውም፣ የበቆሎ ገንፏችን፣ ተሠርቷል። ከቀብር መልስ መጀመሪያ እኔ እጎርሳለሁ፣ ቀጥላ ሱንጋኒ ትጎርሳለች። እያያችሁን።

በምድር ያሳጠርንባቸውን ትንፋሽ እግዚአብሔር አርዝሞ ይስጣቸው፤ ነፍሳቸውንም መስኮት ከማይዘጋበት ቤት ያሳርፍልን። የእኔ ቤት በሩ ተከፍቷል። የእጅ ውሃው ደፉ ላይ ነው፤ ታጥባችሁ ግቡ።