ለጋሼ የመረጥኩት ልብ ቆጣሪ

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ሦስቱን ፎቶዎች ዛሬ ስንት ጊዜ እንዳየኋቸው አላውቅም። በዕረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ውስጥ፣ ምሳ ላይ፣ አሁን ደግሞ የዘጠነኛ ክፍልን የሒሳብ ፈተና እያረምኩ። የላከልኝ ሀብታሙ ነው፤ የድሮ ተማሪዬ፣ አዲስ አበባ የስፖርት ዕቃ መሸጫ ውስጥ ይሠራል። «ቲቸር፣ ያሉን የብስክሌት ኮምፒውተሮች እነዚህ ናቸው። መርጠው ይንገሩኝ» ብሏል።

የምመርጠው ለራሴ አይደለም፤ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ነው። ጋሼ ሞጣ ላይ ብስክሌት እየጠገኑና እያከራዩ ነው የኖሩት። እኔንም ብስክሌት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ያኔ ሴት ልጅ ብስክሌት ላይ ስትወጣ ሰው ሥራውን ትቶ ቆሞ ያያል። አምና ልባቸውን ታመው ለጥቂት ተረፉ። አሁን ሐኪማቸው ሜዳ ሜዳውን፣ በዝግታ መንዳት ይችላሉ ብሏቸዋል። ግን የልባቸው ምት በደቂቃ ከ120 እንዳያልፍ። እየነዱ ምት መቁጠር ደግሞ አይሆንም።

አንደኛው ባለ ሽቦ ነው፣ ፍጥነትና ርቀት ብቻ። ልብ አይቆጥርም። ወጣ።

ሁለተኛው ያምራል። ካርታ አለው፣ ባለ ቀለም ነው፣ እንደ ስልክ በጣት እየተነካ ይሠራል።

ሦስተኛው አስቀያሚ። ጥቁርና ነጭ፣ ትልልቅ ቁጥር። ሽቦ የለውም፤ አንድ ትንሽ ነገር ጎማው መሐል ይታሰራል፣ አንድ ቀበቶ ደግሞ ደረት ላይ።

ሁለተኛውን ልል ነው መሰለኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ኢንተርኔት ጠፍቷል። ሁለተኛው ዕቃ ደግሞ ስልክ ላይ መተግበሪያ ካልተጫነለት ሥራ አይጀምርም። ለካ ትናንት ይህን ሳላነብ በመልኩ ተታልያለሁ።

ጋሼ ጋ ደወልኩ። ምን እንዲያሳይዎት ይፈልጋሉ አልኳቸው።

«ቁጥሩ ይተልቅ፤ መነጽር አድርጌ አልነዳም። ካለፍኩ ደግሞ ይጩህብኝ።»

«ካርታስ?»

ሳቁብኝ። «የሞጣን መንገድ ነው ካርታ የሚያሳየኝ?»

ከዚያ ባለቤታቸው እትዬ የሺ ስልኩን ተቀበሏቸው። «ስንዱ፣ እኔ ተወው እያልኩ እለምነዋለሁ፣ አንቺ ትገፊዋለሽ። አንድ ነገር ቢሆን ምን ልትይኝ ነው?» ስልኩን ዘጉት።

እውነታቸውን ይሆን? ዕቃው ይናገራል እንጂ አይጠብቅም። ሰውየው አልሰማም ካለ ምን ሊያደርግ ነው? በሌላ በኩል ጋሼ ከታመሙ ጀምሮ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የሰው ብስክሌት ሲያልፍ በዓይናቸው ሲሸኙ አይቻቸዋለሁ። ያንን ማየትም ከባድ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

መላኩ፣ ባሌ፣ «የእጅ ሰዓት የሚመስለው አይሻልም? ደረት ላይ ቀበቶ ማሰር ምን አመጣው?» አለኝ። የስፖርት መምህሩን ጠየቅኩት፣ እሱ የእጁን ያስራል። ኮረኮንች ላይ እጅ ሲንቀጠቀጥ ቁጥሩ እንደሚዘል ነገረኝ። ደረት ላይ ያለው ይሻላል አለ።

ከትምህርት ቤት ስወጣ ገበያው ዳር ያለው ሰዓት ሠሪ ጋ ጎራ አልኩ። የሦስተኛው ዕቃ ክብ ባትሪ ከእሱ ዘንድ ሞልቷል። መብራት ቢጠፋም ባይጠፋም ይሠራል ማለት ነው።

አመሻሽ ላይ ኔትወርክ መጣ። ለሀብታሙ «ሦስተኛው» ብዬ ጻፍኩለት። አንዲት ቃል ለመጻፍ አራት ቀን።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ዕቃው ትናንት በአውቶቡስ ደረሰ። ለጋሼ ከመስጠቴ በፊት በራሴ ልሞክረው አልኩ። ደረቅ ከሆነ ምቱን አያነብምና ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቀበቶውን አርጥቤ ከቀሚሴ ሥር አሰርኩት። ቆሜ 76። ልቤን በቁጥር ሳየው አፈርኩ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ብስክሌቴን ይዤ ወደ ደብረ ወርቅ በሚወስደው መንገድ ወጣሁ። 98። 112። ዳገቷ ላይ 131። ጥሩ ነው። ዳገቱን ጨርሼ ሜዳው ላይ እግሬን አሳርፌ ስሄድ ድንገት 186 አለኝ። ወረድኩ፣ ቆምኩ። 184። ከዚያ የሆነ ጊዜ ላይ፣ ማንም ሳይነካው፣ 94።

ተበላሽቷል። ይህን ሁሉ ቀን አስቤ የተበላሸ መርጫለሁ። ቀበቶው ደርቆ ይሆናል ብዬ እንደገና አረጠብኩት።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ማለዳ ለመላኩ አሰርኩለት፣ ግቢውን ሦስቴ ዞረ። 88፣ 104፣ 110። የስፖርት መምህሩ ከክፍል በፊት ሜዳውን ሮጠበት፤ ከፍ አለ፣ ሲቆም ቀስ ብሎ ወረደ። እንከን የለውም።

ተመልሶ እኔ ላይ። ጠዋቱን ሙሉ ደህና ነበር። ሰባት ሰዓት ላይ ደብተሮች ተሸክሜ ደረጃ ስወጣ ያች የማውቃት ነገር ደረቴ ውስጥ ብድግ አለች። ባዶ ክፍል ገብቼ ኮምፒውተሩን ከቦርሳ አወጣሁ። 179። አላመንኩትም። ሁለት ጣቴን አንገቴ ላይ አድርጌ የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ ቆጠርኩ። በአሥር ሰከንድ ሠላሳ። ሒሳቡን ለመሥራት መምህር መሆን አያስፈልግም።

«የማውቃት ነገር» ብዬ ጻፍኩ። አዎ፣ አውቃታለሁ። ከዓመት በላይ ሆኗታል። ድካም ነው፣ ጾም ነው፣ የጋሼ ጭንቀት ነው ስል ከረምኩ። አንዴ ጥቁር ሰሌዳው ሁለት ሆኖብኝ ጠረጴዛ ይዤ ቆሜያለሁ፤ ልጆቹ የምቆጣቸው መስሏቸው ጸጥ አሉ።

ለመላኩ ነገርኩት። ተቆጣ፣ ቀጥሎ ፈራ። «ለእኔ እንኳ ሳትነግሪኝ?» አለ ቀስ ብሎ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ሞጣ ነኝ። ለጋሼ በስልክ ስነግራቸው፣ «ነገ ዛሬ አትበይ፣ እኔን የሚያክመኝ ልጅ ጋ ነይ» ስላሉ ማለዳ መኪና ያዝኩ። መላኩ አብሬሽ ልሂድ ቢል ከሥራ እንዳይቀር ብዬ እኔው እንቢ አልኩ። አሁን ጸጽቶኛል።

መናኸሪያው ላይ ጋሼና እትዬ የሺ ቆመው ጠበቁኝ። እትዬ የሺ ቦርሳዬን ተቀበሉኝ። ሆስፒታሉ ወረፋ ላይ ሦስታችንም አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን፤ እትዬ የሺ እጄን ይዘው።

ደረቴ ላይ ሽቦ ለጥፈው ልቤን አነሡት። ወረቀቱ ምንም የለበትም አሉኝ። በጤናዬ ልደሰት ሲገባኝ ውሸታም የሆንኩ መሰለኝ።

«ሁልጊዜ አይደለም እንጂ ይመጣብኛል...» ብዬ ኮምፒውተሩን አውጥቼ የመዘገበውን ለጋሼ ሐኪም አሳየሁት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ በጣቴ የቆጠርኩትን የጻፍኩበትን ደብተርም። ወጣቱ ሐኪም ረጅም ጊዜ አየው።

«ማሽኑን ብቻ ቢሆን እጠራጠር ነበር። በጣትዎም ቆጥረዋል» አለ። «ድንገት መጥቶ ድንገት የሚሄድ ነው። እኛ ስናነሣዎት ሄዷል። እንዲህ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ይታከማል። ግን ባሕር ዳር ሄደው የልብ አልትራሳውንድ ይነሡ፤ እስከዚያ ብስክሌት የለም።»

ኪኒን ጻፈልኝ። ስወጣ ጋሼ ፊታቸው ገርጥቶ ነበር። የነገረኝን ነገርኳቸው።

«ለእኔ ስትጨነቂ...» ብለው ጀመሩ። መሐረባቸውን አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ። ጋሼ ሲያለቅሱ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ጠዋት ዕቃውን ልሰጣቸው ስል አልቀበልም አሉ። «አንቺ እሰሪው፣ ለአንቺ ነው የመጣው።» ቁጭ ባልኩበት ምን ልቆጥርበት ብዬ ተከራከርኳቸው። መጨረሻ ላይ የፈረዱት እትዬ የሺ ናቸው።

«እሷ ባሕር ዳር ደርሳ እስክትመለስ አንተ እሰረው። ስትመለስ ሐኪሙ ያዘዘውን እናደርጋለን።» ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው ዝቅ ባለ ድምፅ፦ «በስልክ የተናገርኩሽን እርሺው። ፈርቼ ነው።»

እኔም ፈርቼ ነበር አልኳቸው።

ከ120 ቀድሞ እንዲያስጠነቅቃቸው ጩኸቱን 115 ላይ ሞላሁት። ጋሼ ቀበቶውን ለማሰር ሸሚዛቸውን ሲያወልቁ እትዬ የሺ ማንም እንዳያያቸው በሩን ዘጉ። ከዚያ ቤታቸው ፊት ባለው ሜዳ መንገድ ቀስ ብለው ወጡ። እኛ ሁለታችን ድንጋይ ላይ ተቀምጠን አየናቸው። ከታመሙ ወዲህ ቀጥ ብለው ሳያቸው ገና ዛሬ ነው። ከሩቅ ቁጥራቸውን ጮክ ብለው ይነግሩናል። «መቶ ሁለት!» «መቶ ስድስት!» መንገደኛው ሁሉ ዞሮ ያያል። አንዴ ዕቃው ጮኸባቸው፤ ወዲያው ወረዱ፣ ብስክሌቷን እየገፉ መጡ። እትዬ የሺ የያዙትን ትንፋሽ ለቀቁት፣ ሰማሁት።

መላኩ ዛሬ ማታ ይደርሳል። ነገ አብረን ወደ ባሕር ዳር። ምን እንደሚሉኝ አላውቅም፣ አልትራሳውንዱ ምን እንደሚያሳይም። ኪኒኑን ሁለቴ ውጫለሁ። ዛሬ ልቤ ጸጥ ብላ ዋለች።