የገዛ ጽሑፋቸውን የሻሩት የዶ/ር ደመላሽ ፈንታ የሕይወት ታሪክ

ዶ/ር ደመላሽ ፈንታ ከአባታቸው ከአቶ ፈንታ ዘለቀ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ደብሪቱ አየነው ጥር 12 ቀን 1953 ዓ.ም. በመርጡለ ማርያም ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የበኩር ልጅ ነበሩ። ከእርሳቸው በኋላ አምስት ልጆች ተወልደዋል፤ ይህን የሕይወት ታሪክ ያዘጋጀችው እኅታቸው የኔአለም የመጨረሻዋ ናት።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ፣ ሁለተኛ ደረጃን በደብረ ማርቆስ ተከታትለው በ1971 ዓ.ም. አጠናቀቁ። በ1975 ዓ.ም. በእርሻ ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ከተቀበሉ በኋላ በግብርና ባለሙያነት ተቀጥረው ከደጀን እስከ መርጡለ ማርያም ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል። ቀበሌ ለቀበሌ ሲዞሩ በላስቲክ አፈር እየቋጠሩ ይመለሱ ስለነበር እናታችን ወ/ሮ ደብሪቱ «ልጄን አስተምሬ አፈር ተሸካሚ አደረግሁት» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። በ1986 ዓ.ም. በአፈር ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ዶክትሬታቸውን አግኝተው ወደ ማስተማር ሥራ ገቡ።

በ1981 ዓ.ም. ከወ/ሮ ወለተ ሐዋርያት ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጽመው ሂዊ እና የሺዋስ የተባሉ ሁለት ልጆች አፍርተዋል።

በ2006 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ የሚዘጋጀው «የደጋ አፈርና ሰብል» የተባለው የጥናት መጽሔት ዋና አዘጋጅ ሆነው ተመረጡ። ወንድማችን በዚህ ሥራቸው ብዙ ወዳጅ አፍርተዋል ማለት አይቻልም። አንድ ሰው የጥናት ጽሑፋቸው ቶሎ እንዲወጣላቸው አንድ እንስራ ማር ይዘው ቤት ድረስ ቢመጡ፣ ማሩንም ጽሑፉንም ከገምጋሚዎች አስተያየት ጋር በአንድ ባጃጅ ጭነው መልሰውላቸዋል። ለአክብሮት ተብሎ ያልሠራ አለቃ ስም በጽሑፍ ላይ ሲገባ ካዩ ደውለው «ይህ ሰው የትኛውን ማሳ ለካ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። የሰርግ መጥሪያ ካርድ ሲደርሳቸው ሳይቀር በቀይ እስክሪብቶ አርመው ለሙሽሮቹ አባት ይመልሱ እንደነበር ዘመድ ሁሉ ያውቃል፤ የተቀየማቸውም አልጠፋም።

የሕይወታቸው ትልቁ ፈተና የመጣው ግን በ2010 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ ዶ/ር ደመላሽ በዚያው መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። ጥናቱ አፈሩ ለኮመጠጠበት የስንዴ ማሳ ኮምጣጣነቱን ለማብረድ ከሚነሰነሰው ከተለመደው ኖራ ግማሹ ይበቃል የሚል ነበር። በዚህ ጥናት የተባባሪ ፕሮፌሰርነት ማዕረግ አግኝተውበታል፤ የግብርና ባለሙያዎችም ምክሩን ተቀብለው ለገበሬው አዳርሰውታል። በ2010 ዓ.ም. ሔዋን የተባለች ወጣት መምህርት በእነዚያው ማሳዎች ላይ ሙከራውን ደግማ ሠርታ፣ ግማሽ ኖራ ምንም ለውጥ እንደማያመጣ የሚያሳይ ጽሑፍ ለመጽሔቱ ላከች። ጽሑፉ ያረፈው በዶ/ር ደመላሽ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

ከአዘጋጆቹ አንዱ፣ ለእርሳቸው አስበው፣ ጽሑፉ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ መሳቢያ ውስጥ ቢቆይ ማንም እንደማይጠይቅ መከሯቸው። ዶ/ር ደመላሽ «በራሴ ጉዳይ ዳኛ ልሁን እንዴ?» ብለው ጽሑፉን የዚያኑ ዕለት ለምክትል አዘጋጁ ለዶ/ር ያሕያ አስረከቡ። ገምጋሚዎቹን ዶ/ር ያሕያ እንዲመርጡ፣ የገምጋሚዎቹንም ስም ለራሳቸው ለዶ/ር ደመላሽ እንዳይነግሯቸው አሳሰቡ።

በማግሥቱ ጫማቸውን ቀይረው ሙከራው ወደተሠራበት ቀበሌ ሄዱ። በጥናቱ ውስጥ ከሁሉ የላቀ ምርት የተመዘገበው በአቶ እንዳላማው ማሳ ላይ ነበር። አቶ እንዳላማው ምሳ አቅርበው፣ ሳቅ እያሉ፣ ግማሽ ኖራ የገባበት መደብ ደከም ብሎ ስላዩት ፍግ ጣል ጣል እንዳደረጉበት ነገሯቸው። «ከከተማ ድረስ እየተመላለሱ ባዶ እጅዎን ይመለሱ እንዴ ዶክተር? ሰው ፊት እንዳያፍሩ ብዬ እኮ ነው» አሏቸው። በጎጃም ገበሬ ቤት ለእንግዳ የማይደረግ ነገር የለም፤ ይህም አንዱ ነበር። ወንድማችን አመስግነዋቸው ምሳቸውን በልተው ተመለሱ። 

የሔዋን ጽሑፍ ግምገማውን አልፎ ታተመ። በዚያው እትም የዶ/ር ደመላሽ የ2003ቱ ጥናት የተሻረ መሆኑን የሚገልጽ፣ በራሳቸው የተጻፈ ማስታወቂያ ወጣ። እንዲህ ይላል፦ «ስህተቱ የገበሬው አይደለም። ለሳምንታት ማሳው ላይ ሳልገኝ እንደተገኘሁ አድርጌ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በዚህ ምክር ኖራ ቀንሰው ምርት ያጡትን ይቅርታ እጠይቃለሁ።» ሔዋን ከአክብሮት የተነሣ በቀጣዩ ጥናቷ ላይ ስማቸውን ልትጨምር ጠይቃቸው ነበር። እንደ ልማዳቸው የትኛውን ማሳ እንደለኩ መልሰው ጠየቋት።

ማዕረጋቸውም ያለዚያ ጽሑፍ እንደገና እንዲመዘን በደብዳቤ ጠየቁ፤ ሲመዘን አንድ ጽሑፍ ጎደለ። የሃምሳ ሰባት ዓመት ሰው ሆነው ወደ ረዳት ፕሮፌሰርነት ተመለሱ። ቤተሰቡ አዝኖ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እኅታቸው የኔአለም ተቆጥታም ነበር። እርሳቸው ግን በየሳምንቱ ማሳ ላይ እየተገኙ አዲስ ሙከራ ሠርተው በ2012 ዓ.ም. ማዕረጋቸውን መልሰው አገኙ። ዛሬ በአካባቢያችን የስንዴ ገበሬ የሚነገረው የኖራ መጠን ያ ሙከራ ያረጋገጠው ሙሉው መጠን ነው፤ ቤተሰቡም በዚህ ይኮራል።

በ2014 ዓ.ም. መጽሔቱን ለዶ/ር ያሕያ አስረክበው ጡረታ ወጡ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ባደረባቸው የጉበት ሕመም በደብረ ማርቆስና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተዋል። ሕመሙ ሲጸናባቸው የሕይወት ታሪካቸው በቁማቸው ተጽፎ እንዲያዩት አዘዙ። የኔአለም አልቅሳ እንቢ ብትልም አልተዉአትም። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ የተሻረው ጥናት አልነበረም፤ በለቅሶ ላይ ምን ያደርጋል ብላ ትታው ነበር። ዶ/ር ደመላሽ በቀይ እስክሪብቶ «ይህ የት ሄደ?» ብለው መለሱላት። «ስመ ጥር ምሁር» የሚለውን ሰርዘዋል፤ ማርና ባጃጁን ግን ይቆይ ብለዋል። ጽሑፉ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ፣ በሦስተኛው፣ ግንቦት 20 ቀን ረፋድ ላይ፣ እስከዚህ ድረስ ያለውን አንብበው «ደህና ነው፣ የቀረውን ስትጨርሺ አምጪልኝ» አሏት።

ከዚህ በታች ያለውን አላዩትም።

ዶ/ር ደመላሽ ፈንታ ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም. በስድሳ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወ/ሮ ወለተ ሐዋርያትን፣ ልጆቻቸውን ሂዊን እና የሺዋስን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን፣ አምስት ወንድሞችና እኅቶችን እንዲሁም ቁጥራቸው የበዛ ተማሪዎችን ትተው ሄደዋል። አቶ እንዳላማው ዛሬ ከቀበሯቸው መካከል ናቸው። በሕመማቸው ለደከማችሁ፣ ዛሬም ከያላችሁበት መጥታችሁ ለሸኛችኋቸው ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

የሰውን ልብና ሥራ የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን። አሜን። በዚህ በመጨረሻው ገጽ ላይ ስህተት ያገኛችሁ ለእኅታቸው ለየኔአለም ንገሯት፤ የሚያርምላት የለም።