ሰፊው ሌንስና የአባቴ ፊት

ኅዳር 9፣ ጠዋት
ዛሬም ሌንስ ልሞክር ከነገሥታቱ ግንብ ግድግዳ ፊት ቆሜያለሁ። ሌንሱ ከ14 እስከ 24 ሚ.ሜ፣ ለፉል ፍሬም፣ ትልቅ ሴንሰር ላለው ካሜራ። ያዋሰኝ ያሬድ ነው፣ ፒያሳ ካለው ስቱዲዮዬ ጎን የሚሠራው። ከወደድኩት ልገዛው፣ ካልወደድኩት ልመልስለት። ከባድ ነው። የፊት መስታወቱ ወደ ውጭ ስለጎበጠ ተራ ማጣሪያ አይገጥምለትም። መሃሉ ጥርት ያለ፤ የድንጋዩ ስንጥቅ ሁሉ ይታያል። ካሜራውን ቀና ሳደርግ ግንቡ ወደ ኋላ ይጋደማል። የሌንሱ ጥፋት አይደለም፣ የእኔ አያያዝ ነው። ማስታወሻዬ፣ ላንተ እውነቱን ልጻፍ።

ኅዳር 10፣ ማታ
ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣ ትንሽ ነጸብራቅ አለው። ይቻላል። ለጠባብ የሠርግ ቤት ግን የሚያስፈልገኝ ይሄ ነው።
እናቴ ከኮላ ድባ ደወለች። አባቴ እህል እንደሸሸ ነው፣ ከስቷል። ሐኪሙ ሕክምናውን ቶሎ ጀምር ብሎታል፤ እሱ ከሚካኤል በኋላ እያለ ያዘገያል። እሺ ማለቱም ትልቅ ነገር ነው።

ኅዳር 12፣ ኮ/ድባ
የሚካኤል ማኅበር። የኅዳር ተራ የአባቴ ነው። ሳሎኑ ጠባብ፣ ሰው ጢም ብሏል። ለሙከራ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። በሩ ላይ ተለጥፌ፣ በጣም ሰፊው 14 ላይ አድርጌ ሁሉንም አስገባሁ።
አባቴን መሃል አስቀመጥኩት። ተነሣ። ቦታውን ለመምሬ ካሳ ለቀቀ። ቀጥሎ ያለውን ለእንግዳ፣ ከዚያ ለሌላ እንግዳ፣ እንዲህ እያለ ግድግዳው ጋ ደረሰ። ባለቤት መሃል አይቀመጥም አለ። ቸኩዬ ስለነበር አልተከራከርኩም።
ውጤት፦ መሃል ያሉት ልክ ናቸው። ዳር ያሉት ወደ ጎን ተለጥጠዋል። የአባቴ ጉንጭ ሞልቷል፣ ትከሻው ሰፍቷል። በሌላው ዳር ጎረቤታችን አያ ደሴ እጥፍ ሆኗል፤ እሱ ድሮም ወፍራም ስለሆነ ማንም ልብ አላለም። የዳር መለጠጥ፣ ከባድ።

ኅዳር 13፣ ኮ/ድባ
ፎቶውን በእናቴ ስልክ ልኬላት ነበር። አባቴ ተቀብሏት ብዙ አየው። ጉንጩን ዳበሰ።
«ምነው፣ ሸጋ ሆኛለሁ እኮ። ሐኪም ቤቱ ይቅር።»
እናቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ሌንሱ ነው፣ ዳር ያለውን ሰው ያሰፋል አልኩት። አንተ እኔን ለመውሰድ የማትለው የለም አለኝ። አያ ደሴን ተመልከት አልኩት፤ ሳቀብኝ። ፎቶውን በኮምፒውተር ማስተካከል እችላለሁ፤ ግን ነካክቶ አከሳኝ ይላል።
ፈርቻለሁ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ኅዳር 14፣ ጠዋት
ደጅ ወንበር አወጣሁ። ያው ሌንስ፣ ያው ጋቢ። መሃል ተቀመጥ አልኩት። ተቀመጠ፣ ወዲያው ግራ ቀኝ አየ፣ ቦታውን የሚለቅለት ሰው ፈለገ። እኔና እናቴ ብቻ ነን። እሷም አልቀመጥም አለች። ሌንሱን ጠበብ ወዳለው 24 አዙሬ አነሣሁት።
ፎቶውን በስልኬ ላይ ሰጠሁት። በእናቴ ስልክ ካለው ከማኅበሩ ፎቶ ጎን አድርጎ ያዘው። አንገቱን፣ የጉንጩን አጥንት አየ።
«ይሄኛው እኔ ነኝ» አለ። ጋቢውን ሰብስቦ፣ «ማኪናው መቼ ነው የሚነሣው?»

ማታ
ነገ በመጀመሪያው ማኪና ሐኪም ቤት እንሄዳለን። ያሬድ ደውሎ ስለ ሌንሱ ጠየቀኝ። ደህና ሌንስ ነው፣ እገዛዋለሁ፣ ሰው ግን ዳር አላስቀምጥበትም አልኩት።
አባቴ ተኝቷል። እናቴ ስልኳን ይዛ የማኅበሩን ፎቶ ታያለች። ጣቷ ዳር ያለው አባቴ ላይ ነው። ላጥፋው ወይ አልኳት። እንዳትነካው አለችኝ። ተውኩላት።